መምህር ሲሸለም ምን ተብሎ ይሸለም?

ሰኔ ሲቃረብ ስለ ፈተናና ስለ ካርድ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ይበዙብናል። ዘንድሮ ግን ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን አብዛኞቹ ስለ መምህራን ናቸው። ማንን እንሸልም? እንዴት እንምረጥ? ምን እንስጥ? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መብዛቱ በራሱ ያስደስታል። አራቱን መርጠናል። የጸሐፊዎቹንም የትምህርት ቤቶቹንም ስም ትተነዋል።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት አባል ነኝ። ዘንድሮ ከወላጆችና ከሰፈራችን ቅሬ (እድር) ትንሽ ብር አሰባስበን ጥሩ የሠሩ መምህራንን ልንሸልም ተስማማን። ስብሰባው ላይ ግን አልተግባባንም። አንዱ በተማሪ ውጤት ይመረጡ አለ፣ ሌላው ርዕሰ መምህሩ ይምረጥልን አለ፣ አንዱ ደግሞ ቅሬታ እንዳይመጣ ለሁሉም እኩል እናከፋፍል አለ። እኔ የተማርኩት 4ኛ ክፍል ድረስ ነው፣ መምህር መመዘን የምችል አይመስለኝም። ምን ትሉናላችሁ? (የሁለት ልጆች አባት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከመጨረሻው ልጀምር። 4ኛ ክፍል ላይ ማቆምዎ መምህር ከመመዘን አያግድዎትም። የልጆችዎን የሒሳብ ደብተር ማታ አንድ ጊዜ ያገላብጡ። ሁለት ዓይነት እርማት ያገኛሉ። አንደኛው ገጹ ግርጌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ራይት ተደርጎ የተፈረመበት ነው። ልጁ ከ42 ላይ 17 ቀንሶ 25 ቢልም ራይት ነው፣ 35 ቢልም ራይት ነው። ሁለተኛው ሌላ ነው። 35 የሚለው ተከቧል። ከላይ ያለችው 4 ተሰርዛ 3 ተጽፎባታል፣ አንድ አሥር መበደር እንዳለበት ልጁ በዓይኑ እንዲያየው። ከሥሩ ደግሞ ያንኑ የሚመስል ሌላ ጥያቄ ተሰጥቶታል፣ 51 ሲቀነስ 18። በማግስቱ ያም ታርሟል።

አሁን ይህንን 60 እና 70 ልጅ በታጨቀበት ክፍል ያስቡት። ያን ሁሉ ደብተር ተሸክሞ ቤቱ ወስዶ፣ ራቱን በልቶ፣ መብራት ካለ በመብራት ከሌለም በሻማ የሚያርም ሰው ነው። ማንም አያየውም። ሱፐርቫይዘር አያየውም፣ ርዕሰ መምህሩም ብዙ ጊዜ አያየውም። እርስዎ ግን ደብተሩ እጅዎ ላይ ነው።

ልጅዎንም ይጠይቁት። "ቲቸር ጎበዝ ናት?" ብለው አይጠይቁት፣ አዎ ብሎ ይገላግልዎታል። "ዛሬ ክፍል ውስጥ እነማን መለሱ?" ይበሉት። በየቀኑ የእነዚያኑ ሦስት የፊት ወንበር ልጆች ስም የሚጠራልዎ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ከኋላ ተቀምጦ የማይናገረው ልጅም ተነስቶ መለሰ ካለዎት ያቺ መምህርት ሥራዋን ይዛለች።

ወደ ሦስቱ ሐሳቦች ልምጣ። በውጤት ይመረጡ የሚለው ለጆሮ ጥሩ ነው፣ ግን አደገኛ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ነበሩ። ይህን ቁጥር ይዞ የ12ኛ ክፍል መምህራንን ብቻ መሸለምም መውቀስም ልክ አይደለም። ልጁ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ነገሩ የተበላሸው ወይም የተስተካከለው ከአሥር ዓመት በፊት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲትም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። እንግዲህ 231 ፊደል ለ65 ልጅ አስለይታ፣ እስከ ጥር አብዛኞቹን ዓረፍተ ነገር እንዲያነቡ ያደረገች የ1ኛ ክፍል መምህርት ምን ዓይነት "ውጤት" ይቁጠርላት? ማትሪክ የላትም፣ ሚኒስትሪ የላትም። በውጤት ብቻ ከሄዳችሁ እሷን መቼም አታገኟትም። እኔን ብትጠይቁኝ ሽልማቱ መጀመር ያለበት ከእሷ ክፍል ነው።

ርዕሰ መምህሩ ይምረጥ የሚለውም እንዲሁ ግማሽ መልስ ነው። ርዕሰ መምህሩ በዓመት ሁለት ጊዜ የሥራ አፈጻጸም ይሞላል፣ መምህራኑ "ኢፊሸንሲ" የሚሉትን ማለት ነው። ማን ቀሪ እንደሚበዛበት፣ ማን ሌሰን ፕላን በጊዜ እንደሚያስገባ ያውቃል። ይህ ይጠቅማል። ነገር ግን አንድ ሰው ብቻውን ሲመርጥ እውነት መርጦም ቢሆን "ዘመዱን ነው" መባሉ አይቀርም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ 3,000 ገደማ መምህራንን ይዞ የተካሄደ ትልቅ ጥናት ነበር። ጥሩ መምህርን ለመለየት የተማሪዎቹ የፈተና ለውጥ፣ ክፍል ገብቶ ማየትና ተማሪዎቹ የሚሉት ነገር አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ይበልጥ የሚታመነው ብሎ ደመደመ። ክፍል ገብቶ የሚያየውም ከአንድ ሰው በላይ ሲሆን ይሻላል አለ። ለዚህ የአሜሪካ ጥናት ባያስፈልግም፣ የደሴ ሽማግሌም አንድ ምስክር ብቻ ሰምቶ ነገር አይቆርጥም።

ለሁሉም እኩል እናከፋፍል ያሉት ሰውዬ ክፉ አላሰቡም፣ ሰላም ፈልገው ነው። ለሁሉም መምህራን ምሳ ብታበሉ፣ ቡና ብታፈሉ እሰየው፣ ይገባቸዋል። ግን እሱ ግብዣ ነው። ማታ ማታ ደብተር ስታርም የከረመችው መምህርትና ክፍል ገብቶ "ከገጽ 40 እስከ 45 ገልብጡ" ብሎ ስልኩን ሲነካካ የዋለው ሰው እኩል ፖስታ ሲቀበሉ፣ እሷ ያን ቀን ምን እንደምትማር አስቡት።

ታዲያ እንዴት እናድርግ ካላችሁ፣ እንዲህ አድርጉ። "ጎበዝ መምህር ማን ነው?" ብላችሁ ድምፅ አታሰጡ። ድምፅ ከሆነ ጨዋታ አዋቂው ያሸንፋል። ወላጁንም፣ ተማሪውንም፣ መምህሩንም አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ "ይህ መምህር ምን ሲያደርግ አይታችኋል?" በወረቀት ይጻፉት። መጻፍ የማይችል ወላጅ ይናገርና አንድ ሰው ይጻፍለት። "ጎበዝ ነው፣ ትጉህ ነው፣ ጨዋ ነው" የሚለውን ወረቀት ወደ ጎን አድርጉት። "ልጄ ታሞ ሁለት ሳምንት ሲቀር ያመለጠውን በእረፍት ሰዓት አስጠናችልኝ" የሚለውን ያዙ። አንድ ዓይነት ነገር ከሦስት ከአራት የማይተዋወቁ ሰዎች ከመጣ መምህራችሁን አግኝታችኋል። ይህን ሥራ በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት አይደለም የምትጀምሩት፣ ሚያዝያ ላይ ጀምሩ።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የሆነውንም አትርሱ። ደሴም ኮምቦልቻም ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ መጠለያ ሆነው ነበር፣ ዴስክ የተሰበረባቸው፣ መጽሐፍና ኮምፒዩተር የተዘረፈባቸው ብዙ ናቸው። ከኅዳር በኋላ ተመልሰው ክፍሉን ጠርገው፣ የደነገጡ ልጆችን ሰብስበው እንደገና ያስጀመሩ መምህራን አሁንም በየትምህርት ቤቱ አሉ። አብዛኞቹ ስለዚያ ጊዜ አንድ ቃል ተብሎላቸው አያውቅም። ወላጆችን ስትጠይቁ ይህንንም ጠይቁ።

ቀጥሎ ወረቀቱ። የምስክር ወረቀት ስታሠሩ "ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ" የሚለውን ተዉት እባካችሁ። ያ ዓረፍተ ነገር በአገሩ ሰርተፍኬት ሁሉ ላይ አለ፣ ስሙን ብትቀይሩት ለጎረቤትም ይሆናል። የሠራችውን ጻፉ፦ "በ2ኛ ክፍል ማንበብ ያቃታቸውን ልጆች ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት እየመጡ በማስተማር ለ3ኛ ክፍል ያበቁ።" ይህን ወረቀት ሰው ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል፣ እንግዳ ሲመጣም ያነበዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኘውን የዓለም የመምህራን ሽልማት የወሰደው ኬንያዊው ፒተር ታቢቺ ነበር። በገጠር ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ስሙ ሲጠራ ሰው የሚያስታውሰው ብሩን ብቻ አይደለም፣ ከደመወዙ 80 ከመቶውን ለችግረኞች ይሰጥ እንደነበረ ነው። የሠራው ነገር በግልጽ ስለተነገረ ነው የታወሰው።

ቀኑን በተመለከተ ሰኔ 30 ጥሩ ነው፣ ወላጅ ሳይጠራ ለካርድ ይመጣል። ግን ካርድ ከመታደሉ በፊት አድርጉት። ካርድ ከታደለ በኋላ ግቢው ውስጥ የሚቀር ሰው የለም። ዝናቡንም አስቡበት፣ የደሴ ሰኔ አይታመንም፣ አዳራሽ ከሌለ ድንኳን ከቅሬው ተዋሱ። ሸኹም ቄሱም ይመርቁ። ንግግር አታብዙ፣ የክብር እንግዳው ንግግር ከመምህሯ ታሪክ በልጦ እንዳይረዝም። ሰኔ ካመለጣችሁ ደግሞ የዓለም የመምህራን ቀን መስከረም 25 ነው። አዲሱ ዓመት ሲጀመር መመስገንም ለመምህር ጥሩ ስንቅ ነው።

ብሩስ? ትንሽ ነው ብላችሁ አትፈሩ። የመምህር ኑሮ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን፣ ስለዚህ ብር መስጠት ነውር አይደለም። ጋቢም ጥሩ ነው፣ በተለይ ለደሴ ብርድ። ግን ብሩን በፖስታ፣ ወረቀቱን በመድረክ ስጡ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ መምህርት ነኝ። እኛ ትምህርት ቤት በየዓመቱ "ምስጉን መምህር" ይመረጣል። የሚመረጠው ግን በተራ ነው፣ አንድ ዓመት ከቋንቋ፣ አንድ ዓመት ከሳይንስ እየተባለ። ዘንድሮ "ያንቺ ተራ ነው" ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ አላለኝም። ከእኔ በላይ የሠሩ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ። እምቢ ልበል? (መምህርት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህታችን፣ እምቢ አይበሉ። እምቢ ቢሉ ኮሚቴው ተሰደበ ብሎ ይቀየማል፣ ሽልማቱም ወደነዚያ ሁለት ሰዎች አይሄድም፣ ለሚቀጥለው ተረኛ ነው የሚሄደው። ይቀበሉ። ማይክ ሲሰጥዎት ግን ስለ ራስዎ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው ስለ ሁለቱ ሰዎች ያዩትን ይናገሩ። በስም፣ ከነሥራቸው። "ሁላችንም ለፍተናል" የሚለውን ሳይሆን "እገሌ ላቦራቶሪ ሳይኖረን በሃይላንድ ጠርሙስና በሻማ ሙከራ ሲያሠራ በመስኮት አይቼዋለሁ" ዓይነቱን። አዳራሹ ውስጥ የዚያን ዕለት እውነተኛው ሽልማት እሱ ይሆናል፣ ለእርስዎም ክብር ይጨምርልዎታል እንጂ አይቀንስም።

ተራው ለምን እንደመጣም መረዳት ደግ ነው። ስታፍ ሩም ውስጥ አንድ ሰው ብቻ "ምርጥ" ሲባል ቀሪው ሠላሳና አርባ ሰው ምን ተባለ? ኩርፊያ ይመጣል፣ ሐሜት ይመጣል፣ አንዳንዱም "ምስጉኗ ትሥራው" ብሎ እጁን ያጣጥፋል። ተራው ያንን ለማብረድ የተፈጠረ መላ ነው። ጥፋቱ ሽልማቱን ባዶ ማድረጉ ነው። መፍትሔው አንድ "ምርጥ መምህር" መፈለግን መተው ነው። በሥራው ይሰየም። ዘንድሮ ጀማሪ መምህራንን በማገዝ እገሊት፣ የሚያቋርጡ ተማሪዎችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ በመመለስ እገሌ፣ ከአካባቢ ቁሳቁስ የማስተማሪያ መርጃ በመሥራት እገሊት። ሦስት ቢሆኑም አምስት ቢሆኑም ችግር የለም። ሠሪ የታጣበት ዓመት ካለ ደግሞ ቦታው ይለፍ። መሰጠት አለበት ተብሎ ብቻ አይሰጥ።

ይህን ለመለወጥ መንገዱ የእናንተው የመምህራን ስብሰባ ነው። ዩኔስኮና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ መምህራን ይዞታ ያወጡት የውሳኔ ሐሳብ አለ፣ የዓለም የመምህራን ቀንም የሚከበረው እሱ የጸደቀበትን ዕለት ይዞ ነው። እዚያ ውስጥ አንቀጽ 124 ላይ ደመወዝን ለመወሰን የሚያገለግል የብቃት ደረጃ አሰጣጥ ሥርዓት የመምህራን ማኅበራት አስቀድመው ሳይመክሩበትና ሳይቀበሉት ሥራ ላይ አይዋል ይላል። የሚናገረው ስለ ደመወዝ ነው፣ ለሽልማትም ግን መንፈሱ ያው ነው። መስፈርቱን መምህራኑ ራሳቸው መስከረም ላይ ቁጭ ብለው ይጻፉት፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ሰኔ ላይ በእሱ ይመረጥ። መስፈርቱን አስቀድሞ ያወቀና የተስማማበት ሰው ባይመረጥ እንኳን ብዙም አያኮርፍም። አብሽሩ፣ አንድ ዓመት በደንብ ከተሠራ ተራው ቀስ ብሎ ይረሳል።

ጥያቄ፦ ደሴ ተምረን አሁን አዲስ አበባ የምንኖር ጓደኛሞች ነን። ያስተማሩን አንድ መምህር ጡረታ ወጥተው እዚያው ደሴ አሉ፣ ትንሽም አሟቸዋል። ብር አዋጥተን ሆቴል አዳራሽ ተከራይተን፣ ጋዜጠኛ ጠርተን ትልቅ ፕሮግራም ልናዘጋጅላቸው ነው። ዋንጫ ይሻላል ወይስ ምን? (የቀድሞ ተማሪዎች፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ስለ ዋንጫው ከማሰባችሁ በፊት አንድ ሰው ሄዶ ይጠይቃቸው። እሳቸውን ወይም ባለቤታቸውን ወይም ልጆቻቸውን። ታማሚ ሰው አዳራሽ ውስጥ አራት ሰዓት መቀመጥ ይችላል? ካሜራ ይወዳሉ? አንዳንድ መምህር ሕይወቱን ሙሉ 60 ሰው ፊት ቆሞ ሲያስተምር ኖሮ ስለ ራሱ ሲወራ መድረሻ ያጣል። የአዳራሹ ኪራይ ለመድኃኒት ቢሆን ይሻላል የሚል መልስ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ እሱንም ሳታፍሩ ተቀበሉ። ብሩን ግን መድረክ ላይ አትስጧቸው፣ ቤት ሄዳችሁ ለቤተሰቡ በዝግታ ስጡ።

ቤት ሄዳችሁ ቡና ተፈልቶ፣ ቅሬው ተጠርቶ፣ ጎረቤት ባለበት ብታመሰግኗቸው ከሆቴሉ የሚያንስ አይደለም፣ እኔ እንዲያውም ይበልጣል ባይ ነኝ። ነገ ችግር ቢመጣ አጠገባቸው የሚገኘው ያ ጎረቤት ነው። ሰውዬው ማን እንደሆኑ ይስማ።

አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ። እያንዳንዳችሁ አንድ ገጽ ጻፉ። "ሁሉ ነገሬን ያገኘሁት ከእርሶ ነው" አይደለም፣ አንድ የተማራችሁትን ነገርና እንዴት አድርገው እንዳስተማሯችሁ። ጠርዙት። ከተመቻቸው ደግሞ ድምፃቸውን ቅዱ፣ እንዴት ያስተምሩ እንደነበረ ይናገሩ። ደሴ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናት፣ ነገ ክፍል የሚገቡ ሰልጣኞች ያንን ቢሰሙ ትልቅ ነገር ነው። አካባቢው መምህርን አክብሮ ስሙን ሲያቆይ የኖረ አገር ነው። ቦሩ ሜዳ ያስተማሩት የመምህር አካለወልድ ስም ዛሬም ደሴ ውስጥ ትምህርት ቤት ይጠራበታል። ከኮምቦልቻ ብዙም በማይርቀው የእስልምና ትምህርት ቦታ ገታም ደረሳው (ተማሪው) የሸኾቹን ትምህርት ከአፋቸው ተቀብሎ ነው ያስተላለፈው። የእናንተ መምህር ትምህርትም በእናንተ አፍ ይተላለፍ።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የክፍላችን ልጆች ብር አዋጥተን ለሆም ሩማችን ስጦታ ልንሰጥ ፈለግን። አንዳንድ ልጆች ግን "ለማርክ ነው ይባላል" ብለው ፈሩ። ምን እናድርግ? (ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ የፈሩት ልጆች ልክ ናቸው፣ መምህራችሁንም ታስቸግሩታላችሁ። ሮስተር ተዘግቶ ውጤት ከገባ በኋላ አድርጉት፣ ያኔ ማንም ምንም አይልም። ያላዋጣ ልጅ ስም እንዳይታወቅም ተጠንቀቁ፣ ብር የሌለው ልጅ በመምህሩ ፊት መሸማቀቅ የለበትም። ስጦታውም ውድ አይሁን። አንድ ደብተር ገዝታችሁ ሁላችሁም ሦስት ሦስት መስመር ጻፉበት፣ ከኋላ ወንበር ያሉትም ጭምር። ለርዕሰ መምህሩም አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ከተቻለም ሰኔ 30 ካርድ ከመታደሉ በፊት ወላጆች ባሉበት ከመካከላችሁ አንዱ የተወሰነውን ያንብበው።